የፒፓ ቶማሃውክ ዛቢያ ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የግንድ ጥላ (ሜሪላንድ) ጻፈ፦

ለተከበራችሁ የእንጨት ሥራ ወዳጆች፣

ላለፉት አራት ወራት ቅዳሜና እሑድ ጋራዤ ውስጥ ተቀምጬ አንድ የፒፓ ቶማሃውክ ለመሥራት ስታገል ቆይቻለሁ። ዕቃውን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጸው። ቶማሃውክ የሚለው ቃል በዛሬዋ ቨርጂኒያ ይኖሩ ከነበሩት የፓውሃታን ሕዝቦች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይይዙት የነበረውን ቀላል መጥረቢያ ያመለክታል። የፒፓው ዓይነት የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የብረቱ አንደኛው ወገን ስለት ነው፤ በጀርባው በኩል ደግሞ ከቡና ስኒ እጅግ ያነሰች የትምባሆ ጽዋ ቆማለች። ዛቢያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ስለሆነ ጢሱ ከጽዋው ወርዶ በዛቢያው ውስጥ እያለፈ ወደ አጫሹ አፍ ይደርሳል። ብረቱን በብዛት ይሠሩ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና በቅኝ ግዛቶቹ ይኖሩ የነበሩ አንጥረኞች ናቸው፤ ዕቃው ለጸጉራም ቆዳ ንግድ መለዋወጫ ሆኖ፣ ስምምነት በተደረገ ጊዜም ስጦታ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር።

ከልጄ ጋር አንድ ሙዚየም በሄድንበት ቀን መስታወት ውስጥ ሆኖ አየሁት፤ ልጄ «አባዬ፣ ይህን ረጅም እንጨት እንዴት በሱት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ስላልነበረኝ ነው ይህ ሁሉ መዘዝ የመጣው።

ብረቱን እኔ አልቀጠቀጥሁትም፤ ከአንድ አንጥረኛ ገዛሁት፤ የኔ ድርሻ ዛቢያው ነው። የመጀመሪያውን ዛቢያ የሠራሁት ሜፕል ከሚባለው ዛፍ እንጨት ነበር፤ ጅማቱ እንደ ውኃ ሞገድ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት መረጥሁ። ጠርቤ፣ አሞላልጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ከጨረስሁ በኋላ በ18 ኢንች ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) መብሳት ጀመርሁ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደገባ ፑንታው በጎን በኩል ብቅ አለ። ሁለተኛውን አሽ ከሚባለው እንጨት ሠራሁና ቀዳዳው እንደ ምንም ተሳካልኝ፤ ነገር ግን ብረቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀመጥ ከጽዋው የሚወርደውን የጢስ ቀዳዳ በሳሁት። በመጨረሻ ብረቱን ጠበቅ አድርጌ ስመታው ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሄደና ሁለቱ ቀዳዳዎች ተላለፉ። አሁን ጽዋው ከላይ፣ የዛቢያው ቀዳዳ ከውስጥ፣ በመካከላቸው ድፍን እንጨት።

ረጅም ቀዳዳ በእንጨት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ማውጣት የምትችሉ ወገኖች ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

የቀድሞ አናጢ (ዴንቨር) ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ጥፋቱ በመብሳቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። አንተ መጀመሪያ ዛቢያ ሠራህና በኋላ ቀዳዳ ፈለግህለት። ሥራው የሚጀመረው ከቀዳዳው ነው፤ ዛቢያው በቀዳዳው ዙሪያ ይጠረባል።

እኔ አዲስ አበባ ከአንድ የቤት ዕቃ ቤት ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህ ሀገር ከመጣሁም በኋላ መሣሪያዎቼን አልጣልሁም። ለቆመ መብራት የሚሆን እንጨት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በውስጡ እንዲያልፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ስንበሳ የምናደርገው እንዲህ ነበር። አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል በአራት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ከሚፈለገው ርዝመት አምስት ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጥርብ እንወስዳለን። ከሁለቱም ጫፍ ማዕከሉን እናወጣለን። ከአንዱ ጫፍ እስከ ግማሽ፣ ከሌላውም ጫፍ እስከ ግማሽ እንበሳለን። ፑንታው በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ ይወጣና ፍቅፋቂው ይራገፋል፤ ይህን የተወ ሰው ፍቅፋቂው ውስጥ ታምቆ ፑንታውን ወደ ጎን ይገፋበታል። ሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ተሳስተው ቢገናኙ የጋለ ቀጭን ብረት አስገብተህ መገናኛውን ታስተካክለዋለህ። ቶርኖ (እንጨት የሚያሽከረክር መቅረጫ መኪና) ካለህ ደግሞ እንጨቱ እየዞረ ፑንታው ሳይዞር እንዲገባ አድርግ፤ እንዲያ ሲሆን ፑንታው ራሱ ወደ ማዕከሉ ይሳባል።

ቀዳዳው ካለቀ በኋላ የቶርኖውን ሁለት ሾጣጣ መያዣዎች በሁለቱ የቀዳዳ አፎች ውስጥ አስገባና እንጨቱን አሽከርክረው። ቀዳዳው በጥርቡ ውስጥ ትንሽ ሰያፍ ሄዶ ቢሆን እንኳ፣ ውጭው የሚጠረበው በቀዳዳው ልክ ስለሆነ በመጨረሻ ቀዳዳው መካከል ላይ ይገኛል። ቶርኖ ከሌለህም ከሁለቱ የቀዳዳ አፎች ላይ በእርሳስ እኩል እኩል ለክተህ በመላጊያ ታወርደዋለህ።

ሌላው፣ የሜፕልህ ጅማት እንደ ሞገድ የሚያብረቀርቀው ጅማቱ ስለሚጠማዘዝ ነው፤ ፑንታውም ያንኑ ጥምዝ ተከትሎ ነው የሄደብህ። ለዐይን ያማረው እንጨት ለፑንታ መጥፎ ነው።

ሚኒሶታዊት ጻፈች፦

ለጋሼ የቀድሞ አናጢ ሙሉ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀር ሌላ መንገድ አለ። ጥርቡን በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቄ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ግማሽ ክብ ቦይ አወጣና መልሼ በኮላ አጣብቀዋለሁ። ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ገመድ የቀና ቀዳዳ ይሆናል። ሁለት እንዲህ ያሉ ዛቢያዎች ሠርቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል። ኮላው በክላምፕ (ሁለቱን ክፋዮች አጥብቆ በሚይዝ መቆንጠጫ) ሲጨመቅ ወደ ቦዩ ይፈሳል፤ በዚያው ከደረቀ ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ከማጣበቄ በፊት መካከሉ ላይ ጨርቅ የተቋጠረበት ሲባጎ በቦዩ ውስጥ አጋድማለሁ፤ ክላምፖቹን እንዳጠበቅሁ ወዲያውኑ ሲባጎውን ስስበው ጨርቁ የተረፈውን ኮላ ጠርጎ ይወጣል። የመጀመሪያውን ስሠራ ስልክ ተደወለልኝና ለሃያ ደቂቃ ረሳሁት፤ ሲባጎው ዛሬም እዚያው ውስጥ አለ።

የቀድሞ አናጢ ጻፈ፦

እህቴ፣ ሲባጎዋን ወድጃታለሁ። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ልበል። በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት የመጋዙን ውፍረት ያህል ስለሚያጣ ጅማቱ መልሶ አይገጥምም፤ መስመሩ ለሚያውቅ ዐይን ይታያል። ሁለተኛ፣ ነጩ የእንጨት ኮላ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ከጽዋው ሥር ደግሞ ፍም አለ።

ሚኒሶታዊት ጻፈች፦

ፍም የሚኖረው ሰውየው ቢያጨስበት ነው። ጠያቂው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይመስለኛል።

የግንድ ጥላ ጻፈ፦

አዎን፣ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ትምባሆ አላጨስም። ይሁን እንጂ ጢስ ሊያሳልፍ የማይችል ፒፓ መሥራት ደግሞ በር የሌለው የበር መዝጊያ እንደ መሥራት ሆኖ ይሰማኛል፤ መሥራት የሚገባው ሁሉ እንዲሠራ እፈልጋለሁ።

አንድ ስጋት አለኝ። እንጨቱን አቋርጬ ከልቡ ላይ ቀዳዳ ሳወጣበት ዛቢያው አይደክምምን? መጥረቢያ ነውና አንድ ቀን እንጨት ልመታበት እችላለሁ።

የቀድሞ አናጢ ጻፈ፦

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ክብ ዘንግ መታጠፍን የሚቋቋመው በዋናነት በዳር በዳሩ ባለው እንጨት ነው፤ ለመታጠፍ አልበገር ማለቱም ከስፋቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ዛቢያህ 24 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳህ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳው የስፋቱ አንድ አራተኛ ነው፤ አንድ አራተኛ በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ ከ256 አንድ እጅ ይሆናል። ያጣኸው ጥንካሬ ይህችው ናት። ይህ ግን ቀዳዳው መካከል ላይ ሲሆን ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንደኛው ግድግዳ ይሳሳል፤ ነገሩም ሌላ ይሆናል።

ዛቢያን የሚሰብረው የጅማት አቅጣጫ ነው። ጅማቱ ከላይ ተነሥቶ ገና መካከል ሳይደርስ በጎን የሚወጣ ከሆነ፣ ቀዳዳ ኖረም አልኖረ፣ አንድ ቀን በሰያፍ ይቀደዳል። ስለዚህ ጥርቡን በመጋዝ ከማውጣት ይልቅ በሽብልቅ መሰንጠቅ ይሻላል፤ እንጨት ሲሰነጠቅ ጅማቱን ተከትሎ ስለሚከፈል የተሰነጠቀው ገጽ የጅማቱን መንገድ በግልጽ ያሳይሃል። ጠማማ ሆኖ ከተሰነጠቀ ለምድጃ ነው። ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀ ፑንታውም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዛቢያውም አይሰበርም። ስለዚህ የሁለቱም ችግርህ መፍትሔ አንድ ነው። አሽ የተሻለ የሆነልህም ስለዚህ ነው፤ ሂኮሪ የሚባለው እንጨትም ያው ነው፣ ነገር ግን ፑንታ ያደክማል።

የጥንቶቹ ሠሪዎች ከነአካቴው ፑንታ የማይፈልጉበት ዘዴ ነበራቸው። የአሽ ለጋ ቅርንጫፍ መካከሉ ላይ እንደ ስፖንጅ የላላ ልብ አለው፤ የጋለ ሽቦ እየገፉ ያንን ልብ ያቃጥሉና ያወጡት ነበር። ጅማቱ በልቡ ዙሪያ እኩል ስለሚበቅል ቀዳዳው ተፈጥሮው ራሱ መካከል ላይ ነው።

ብረት ቤት (ዳላስ) ጻፈ፦

ስለ እንጨቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ብረቱ ጥቂት ልጨምር፤ ራሳቸው ሊቀጠቅጡ የሚያስቡ ይኖራሉና።

በጥንቱ አሠራር አንዳንድ አንጥረኞች ያረጀ የጠመንጃ አፈሙዝ ቆርጠው ይጠቀሙ ነበር፤ አፈሙዙ ቀድሞውኑ ክፍት ስለሆነ አንደኛው ጫፍ ጽዋ ይሆናል፣ የቀረው ተከፍቶና ተጠፍጥፎ ስለት ይሆናል፤ በስለቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ጠንካራ ብረት ይበየዳል። ዛሬ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሰምተው የውኃ ቧንቧ ያነሣሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ እሳት ውስጥ ሲገባ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ያንን ጢስ የተነፈሰ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ እያለው፣ ትኩሳትና የአጥንት ቁርጥማት ይዞት ያድራል። እኔ በወጣትነቴ አንድ ሌሊት እንዲህ አሳልፌአለሁ፤ ወባ መስሎኝ ነበር። ያልተቀባ ተራ ብረት ግዙ።

የነሐስ ራስ የምትገዙም ብትኖሩ፣ ለመቁረጥ እንዲመች ሲባል እርሳስ የተቀላቀለበት ነሐስ አለና ለማጨስ የታሰበ ከሆነ ሻጩን ጠይቁ።

ቃለ ዐዋዲ ጻፈ፦

ሥራችሁን እያደነቅሁ አንድ ነገር ልናገር። ቤተ ክርስቲያናችን ትምባሆን እንደማትወድ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ዕቃ ልጆች ባሉበት ቤት ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ይጠቅማል? ምሳሌውስ ለማን ነው?

የቀድሞ አናጢ ጻፈ፦

ወንድሜ ቃለ ዐዋዲ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። በልጅነቴ ጅማ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ከቅል የተሠራ ጋያ ነበራቸው፤ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ከግቢያችን ይሰማ ነበር። እናቴ እንዳናይ ታባርረን ነበር፤ እኛ ግን ጋያው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በአጥር ሥር እንሾልክ ነበር። አንዳችንም አጫሽ አልሆንንም። እኔ አናጢ ሆንሁ።

ሚኒሶታዊት ጻፈች፦

ከትምባሆው ይልቅ ሌላ ጥንቃቄ ላስታውስ። በምኖርበት ግዛት ደቡብ ምዕራብ ፓይፕስቶን የሚባል ብሔራዊ ሐውልት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመ ሲሆን፣ ለጸሎት የሚያገለግለው ፒፓ የሚቀረጽበት ቀይ ድንጋይ የሚወጣበት ስፍራ ነው። ከዚያ ድንጋይ ማውጣት የሚፈቀደው የነባር ሕዝቦች አባልነታቸው ለተመዘገበ ሰዎች ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስንጎበኝ ድንጋዩን በእጅ መሣሪያ ሲያወጡ አይተናል፤ ከላይ ያለውን ጠንካራ አለት በመዶሻና በሽብልቅ ሰብረው ነው ወደ ቀዩ ስስ ሽፋን የሚደርሱት። ያ ፒፓ ለባለቤቶቹ እንደ ታቦት ዕቃ ነው፤ ልንሠራው አይገባንም ብዬ አምናለሁ። የፒፓ ቶማሃውክ ግን ከመጀመሪያው የገበያ ዕቃ ስለነበረ በዚህ በኩል ልቤ ቀለል ይለኛል።

ሠርተው ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። ነባር ሕዝቦች የሠሩት ያልሆነን ዕቃ እነርሱ እንደሠሩት በሚያስመስል መንገድ ለሽያጭ ማቅረብ በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ማን እንደሠራው በግልጽ ጻፉ።

የድሮ ወረቀት ጻፈ፦

የውይይቱ ተከታታይ ነኝ እንጂ መዶሻ ይዤ አላውቅም። ነገር ግን ዛቢያ መቀየር የሚያሳፍረው ሰው ካለ የሚከተለውን ይስማ።

እ.ኤ.አ. በ1792 ጆርጅ ዋሽንግተን ከነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆኑት ለሴኔካዎች መሪ ለኮርንፕላንተር አንድ የፒፓ ቶማሃውክ ሰጡት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዕቃው በኢላይ ፓርከር እጅ ገባ፤ ፓርከር ራሱ ሴኔካ ሲሆን፣ በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ በአፖማቶክስ የደቡቦቹ የጄኔራል ሊ ጦር እጅ የሰጠበትን ሰነድ በእጁ የጻፈው መኮንን ነው። ፓርከር ዕቃውን ለኒው ዮርክ ግዛት ስብስብ ከማስረከቡ በፊት ዛቢያውን በአዲስ የሜፕል ዛቢያ አስቀየረው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1950 መካከል ከግዛቱ ሙዚየም ተሰረቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስሙ ያልተገለጸ ሰብሳቢ መልሶ አስረከበው። ዛሬ የሚታየው ብረቱ የዋሽንግተን ስጦታ ሲሆን እንጨቱ የፓርከር ነው። ብረት ዘመን ይሻገራል፤ ዛቢያ ግን የሚቀየር ዕቃ ነው። ስለዚህ የግንድ ጥላ ሁለት ዛቢያ ማበላሸታቸው ከዕቃው ታሪክ ጋር አይጣላም።

ሌላም አለ። ሉዊስና ክላርክ ወደ አሜሪካ ምዕራብ የመሩት የአሰሳ ጉዞ አባል የነበረው ሳጅን ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1804 በመንገድ ላይ ሞተ። ክላርክ የሟቹን ቶማሃውክ ለወዳጆቹ ሊመልስለት ይዞት ሲሄድ ተሰረቀ። በ1806 በኔዝ ፐርስ ሕዝብ መካከል ተገኘ፤ ያኔ ይዞት የነበረው ሰው ከሰራቂው የገዛው ሲሆን፣ ዕቃውን ለማስመለስ የተላከው መልእክተኛ በደረሰ ሰዓት እያጣጣረ ነበር። ቤተሰቡ ዕቃውን አብረው ሊቀብሩለት አስበው ስለነበር መስጠቱን እንቢ አሉ። በመጨረሻ አንድ መሐረብ፣ ሁለት ድርድር ዶቃና ለቀብሩ የሚታረዱ ሁለት ፈረሶች ተሰጥተው ተመለሰ። ሁለት ሟቾች ለአንድ መጥረቢያ የተሟገቱ ያህል ነው።

የሰበታ ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሰበታ የምኖር የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነኝ፤ የእንጨት ሥራ ከአጎቴ እየተማርሁ ነው። አሽም ሜፕልም ሂኮሪም እዚህ የለም። በወይራ ልሥራው? ወይስ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይቀላል? ዋሽንት የሚሠሩ ሰዎች የጣት ቀዳዳዎቹን በጋለ ብረት ሲያወጡ አይቻለሁ፤ በዚያው መንገድ ረጅሙን ቀዳዳ ማውጣት ይቻል ይሆን?

የቀድሞ አናጢ ጻፈ፦

ጎበዝ ልጅ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ቀርከሃ ክፍት ቢሆንም ግድግዳው ስስ ነው፣ በየአንጓው ደግሞ ይዘጋል፤ ብረት አይሸከምም። የቆላው ሽመል ድፍን ስለሆነ መልሰህ ልትበሳው ነው፤ ያኔ ምን አተረፍህ? ወይራ ይሆናል፤ ከዶማና ከመጥረቢያ ዛቢያነት የተሻለ ምስክር የለውም። ነገር ግን ጅማቱ እርስ በርስ ይጣላል፣ ከባድም ነው። ስለዚህ ለመብሳት ስትል ከወጣት ዛፍ፣ ቅርንጫፍ የሌለበትን፣ ተሰንጥቆ ቀጥ ያለውን ምረጥ። ከቆረጥህ በኋላ ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ሸፍነህ ከጥላ ሥር አድርቀው፤ አለዚያ ከጫፍ ይሰነጠቃል።

የጋለ ብረቱን በተመለከተ፣ የዋሽንቱ ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንተ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በድፍን ወይራ ውስጥ ሽቦ አግለህ ለመጨረስ ሳምንት ትፈጃለህ። በፑንታ ጀምር፣ በጋለ ብረት አስተካክል።

ፑንታውን የሚያስረዝምልህ ከሌለ፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ጫፉን እንደ ማንካ ጠፍጥፈህ በሞረድ ሹል አድርገው። አጎትህ ያውቁታል።

የግንድ ጥላ ጻፈ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ዕዳ አለብኝና ልክፈል። ሦስተኛው ዛቢያ ተጠናቀቀ።

በጋሼ ምክር መሠረት አሽ በሽብልቅ ሰነጠቅሁ፤ ሁለት ክፋይ ጠማማ ሆኖ ወጣና ለምድጃ ሄደ፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ተከፈለ። ጥርቡን በሞርሳ አቁሜ ስበሳ ባለቤቴ በጎን ቆማ «ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል»፣ «አሁን ቀንቷል» እያለች ትመራኝ ነበር፤ እኔ የፊት ለፊቱን አያለሁ፣ እርሷ የጎኑን። ከሁለቱም ጫፍ ተበስቶ መካከል ላይ ሲገናኝ የተሳሳተው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በአፌ ስነፋበት ፍቅፋቂው በወዲያኛው ጫፍ ሲወጣ ልጄ ጮኸ።

ብረቱን ለማስገጠም የተጠቀምሁበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። የፒፓ ቶማሃውክ ብረት እንደ ዶማ ነው፤ ከቀጭኑ ጫፍ፣ ማለትም ከአፍ በኩል ይገባና ወደ ወፍራሙ ጫፍ እየተሳበ በራሱ ይጠብቃል፤ ሽብልቅም ብሎንም የለውም። ስለዚህ ብረቱ ከሚቀመጥበት ቦታ እስከ አፉ ድረስ ዛቢያው የትም ላይ ከብረቱ ቀዳዳ መብለጥ የለበትም፤ አፉ ላይ ጌጥ የምትፈልጉም ብትኖሩ ጌጡ በቀዳዳው ማለፍ አለበት። የብረቱን ቀዳዳ ውስጡን የሻማ ጥላሸት ቀባሁት። ብረቱን በዛቢያው ላይ አንሸራትቼ ቀለል አድርጌ መታሁና መልሼ አወጣሁት፤ የተነካው ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ጥቁሩን ብቻ በእንጨት ሞረድ አነሣሁ። እንደገና ቀባሁ፣ አስገባሁ፣ አወጣሁ። በመጀመሪያ ጥቁሩ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር፤ በዐሥራ አንደኛው ጊዜ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ዞረ። ያን ጊዜ በጥብቅ መታሁት፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም።

የጢሱን ቀዳዳ የበሳሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ብረቱ በቦታው ላይ እያለ፣ ከጽዋው ውስጥ ወደ ታች ነው። የዛቢያውን የላይኛውን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ዘጋሁት፤ ለማጽዳት እንዲወጣ ኮላ አላደረግሁበትም። ከዛቢያውና ከብረቱ መገናኛ ሥር ስስ ቆዳ አስገባሁ። ከዚያም ጽዋውን በአውራ ጣቴ ዘግቼ፣ የብረቱን ወገን ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክሬ በአፉ በኩል ነፋሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ትናንሽ አረፋ ወጣ፣ ቆዳውን ጨመር አደረግሁና ቆመ።

ለማጥቆር የጥንቶቹ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ብረት አሟሙተው ይቀቡ ነበር፤ እኔ ልጅ ባለበት ቤት ይህን አልደፈርሁም። ወፍራም ሻይ አፍልቼ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ለአራት ቀን የብረት ሱፍ የተነከረበት ኮምጣጤ ደረብሁበት። ዐይኔ እያየ ነጩ አሽ ግራጫ፣ ከዚያም ጥቁር ቡና መሰለ። በላዩ የተልባ ዘይት፣ በመጨረሻም ሰም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ይነዳልና ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ አድርቁት። ሱቅ ውስጥ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ደግሞ ማድረቂያ ብረታ ብረት ስላለበት አፍ በሚነካው ጫፍ ላይ ሰም ብቻ ነው ያደረግሁት። ቀዳዳውን ውስጡን ምንም አልቀባሁትም።

አንድ ጥፋት ግን አልቀረልኝም። ለጌጥ የነሐስ ባለ ክብ ራስ ምስማሮች በመስመር መታሁ። የግድግዳው ውፍረት በብረቱ በኩል ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአፉ በኩል ግን አራት ተኩል ብቻ መሆኑን ረስቼ፣ አንዱን ምስማር ከአፉ አጠገብ መታሁትና ቀዳዳው ውስጥ ገባ። አሁን ስነፋ ያፏጫል።

ሚኒሶታዊት ጻፈች፦

ምስማሩን ያውጡና ጫፉን በሞረድ አሳጥረው፣ ቀዳዳውን በጥቂት ሰም ሞልተው ይመልሱት። ወይም ይተዉት፤ ልጅዎ ፉጨቱን ይወደዋል።

የሰበታ ልጅ ጻፈ፦

እኔም ጀምሬአለሁ። አጎቴ ፑንታውን ከድሮ የብረት ዘንግ ቀጠቀጡልኝ። ከአንዱ ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር ገባሁ፤ ከሌላው ጫፍ ግን 27 ደርሼም አልተገናኘም። እንጨቱን ሳንኳኳው የሚሰማኝ ድምፅ በአንድ ቦታ ይለያል። ምን ላድርግ?

የቀድሞ አናጢ ጻፈ፦

አትቀጥል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ተላልፈዋል ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን ቀጥ ያለ ሽቦ አስገብተህ እስከ ጫፉ ለካ፤ የሁለቱ ልክ ድምር ከጥርቡ ርዝመት የሚበልጠውን ያህል ነው ጎን ለጎን የሚሄዱት። በመካከላቸው የቀረው ግድግዳ ስስ ከሆነ የጋለውን ብረት ጫፉን በጥቂቱ አጉብጠህ አስገባና ወደ ወንድሙ በኩል አዙረህ ያዘው። ጢስ በሌላኛው አፍ መውጣት ሲጀምር ተገናኝተዋል።

የሰበታ ልጅ ጻፈ፦

ወጣ! አጎቴ «ቤቱን በጢስ ሞላኸው» ብለው ወደ ውጭ አስወጥተውኛል፤ በረንዳ ላይ ሆኜ እየጠረብሁት ነው።